ግድግዳ ከማፍረስሽ በፊት

ልጄ፣ ድርጅትሽ አድጎ አንድ ሙሉ ፎቅ ልትከራዪ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ውስጡን በክፍል በክፍል ላስከፋፍለው ወይስ አንድ አዳራሽ ላድርገው ብለሽ ጠይቀሽኛል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአስመጪ ድርጅት አስተዳደር ነው፤ በዝግ ክፍልም በክፍት አዳራሽም ሠርቻለሁ፣ ሰውም አሠርቻለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ክፈቺው። ክፍት ቢሮ ለንግድ ድርጅት ብዙ ጥቅም አለው። ጥቅሙ ግን ግድግዳ ስለፈረሰ ብቻ አይገኝም። ሥራ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበትን መንገድ ለማሳጠር ብለሽ ካፈረስሽው ታተርፊበታለሽ። እንዲያምር ወይም ሠራተኛውን በዓይን ለመጠበቅ ብለሽ ካፈረስሽው ግን የሚተርፍሽ ጫጫታው ነው። ምክሬን ተራ በተራ ላስቀምጥልሽ።

1. መጀመሪያ ሥራው የሚሄድበትን መንገድ እወቂ

አናጢና ቀለም ቀቢ ከመጥራትሽ በፊት አንድ ሰነድ ምረጪና ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከተዪው። በእኛ ቤት ዋናው ሰነድ የአንድ ኮንቴይነር ፋይል ነበር። ግዢ ክፍል ፕሮፎርማ ይቀበላል፤ ፋይናንስ ባንክ ሄዶ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ያስከፍታል፤ ዕቃው ጅቡቲ ሲደርስ ትራንዚተሩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያዘጋጃል፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲገባ መጋዘኑ ቦታ ማመቻቸት አለበት፤ ሽያጭ ደግሞ ለደንበኛው ቀን መቁረጥ ይፈልጋል። አምስቱም በየክፍላቸው በር ዘግተው በተቀመጡበት ጊዜ ፋይሉ በተላላኪ ይዞራል፣ መዝገብ ቤት ያድራል፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ ይመለሳል። አርብ ከሰዓት ፊርማ ጎድሎት ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ወረቀት የሚገኘው ሰኞ ነው። የኮንቴይነሩ ኪራይ ግን ቅዳሜና እሁድንም ይቆጥራል።

አምስቱን በተቀራረቡ ጠረጴዛዎች ስናስቀምጣቸው የሆነውን ልንገርሽ። ትራንዚተሩ ስልኩን እንደያዘ «የዕቃው ዝርዝር ከኢንቮይሱ ጋር አይገጥምም እኮ» ይላል። የግዢ ሠራተኛዋ ቀና ብላ «የስንተኛው ተራ ቁጥር?» ትላለች፤ ወዲያው ለአቅራቢው ትጽፋለች። ይህን የሰማው የመጋዘን ኃላፊ ለነገ የቀጠራቸውን ጫኝና አውራጆች ያዘገያቸዋል፤ የሽያጭ ሠራተኛውም ለደንበኛው «ነገ ይደርሳል» ከማለት ይቆጠባል። ማንም ደብዳቤ አልጻፈም፤ ስብሰባም አልተጠራም። የክፍት ቢሮ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው፤ ችግር አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደብቆ አያድርም።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በምዕራብ ጀርመን ኤበርሃርድና ቮልፍጋንግ ሽኔለ የተባሉ ወንድማማቾች ቢሮላንድሻፍት የተባለውን የክፍት ቢሮ አደረጃጀት ሲጀምሩ ከሁሉ አስቀድመው ያጠኑት ወረቀቱና ንግግሩ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ነው። ጠረጴዛውን የደረደሩት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ።

2. ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ አንቺ ወስኚ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል ሰዉ፤ በሥራ ቤትም እውነት ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ተመራማሪ ቶማስ አለን በኢንጂነሮች ላይ ባደረገው ጥናት የጠረጴዛቸው ርቀት በጨመረ ቁጥር ስለ ሥራ የመነጋገር ዕድላቸው በፍጥነት እንደሚወርድ አሳይቷል፤ ርቀቱ 50 ሜትር ገደማ ሲደርስ መነጋገሩ እጅግ ይሳሳል። ስለዚህ አዳራሽ ከፍተሽ ሠራተኛው በመጣበት ቅደም ተከተል ወይም በማዕረጉ እንዲቀመጥ አትተዪው። በቀን ውስጥ ደጋግመው የሚፈላለጉትን አቀራርቢ፤ እምብዛም የማይገናኙትን አራርቂ። ስልክ የሚበዛበትን ሽያጭ ከሂሳብ ሠራተኛ አጠገብ አታስቀምጪ፤ አንዱ መናገር አለበት፣ ሌላው መቁጠር አለበት።

3. የምትከፍዪበትን ካሬ ሜትር ሁሉ አሠሪው

አዲስ አበባ ላይ የቢሮ ኪራይ በካሬ ሜትር ነው። አንድ 200 ካሬ ሜትር ፎቅ አስቢ። በመሐሉ 20 ሜትር ርዝመትና 1.80 ሜትር ስፋት ያለው ኮሪደር ካለፈ 36 ካሬ ሜትር ሄደ ማለት ነው፤ ከኪራይሽ 18 በመቶውን የምትከፍዪው ሰው ለሚያልፍበት ብቻ ነው። ግድግዳውም ራሱ ቦታ ይበላል። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት 5 ሜትር ሲሄድ 1 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ ልስኑን አልጨመርኩም። በአዳራሽ ውስጥም መተላለፊያ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በጠረጴዛዎቹ መካከል ያለው መንገድ ለመቆም፣ ለመነጋገር፣ ወረቀት ለመቀባበልም ያገለግላል።

ሌላም አለ። የብሎኬትና የጂፕሰም ክፍልፋይ ኪራይሽ ሲያበቃ ለአከራዩ ይቀራል። ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና ተንቀሳቃሽ ፓርቲሽን ግን ጭነሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሦስት ሠራተኛ ስትጨምሪ ግንበኛ አትፈልጊም፤ ጠረጴዛ አስጠግተሽ፣ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት ገመድ ዘርግተሽ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትጨርሻለሽ። ለሚያድግ ድርጅት ይህ ትልቅ ነፃነት ነው።

እዚህ ላይ ግን ላስጠንቅቅሽ። በቁጠባው ተደስተሽ ሰዉን አታጨናንቂ። ንድፍ አውጪው ሮበርት ፕሮፕስት ለአሜሪካው የቢሮ ዕቃ አምራች ኸርማን ሚለር በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው ተገጣጣሚ የቢሮ ዕቃ ሠራተኛው እንደ ሥራው ጠባይ ሰፋ አድርጎ እንዲያደራጀው የታሰበ ነበር። ድርጅቶች ግን በጥቂት ቦታ ብዙ ሰው ለመጠቅጠቅ ተጠቀሙበትና ያ ሐሳብ ጠባብ ሳጥን ሆኖ ቀረ። ወንበሩን ወደ ኋላ ሲስብ የጎረቤቱን ወንበር የሚገጭ ሠራተኛ ካለሽ ከቁጠባ አልፈሽ ሄደሻል።

4. ብርሃኑንና አየሩን ለሁሉም አካፍዪ

በዝግ ቢሮ መስኮቱ የአለቃ ነው፤ ጸሐፊዋና ተራ ሠራተኛው በቀን መብራት አብርተው ኮሪደር ዳር ይቀመጣሉ። አዳራሹ ሲከፈት የመስኮቱ ብርሃን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የአርክቴክቶች የተለመደ ስሌት ጥሩ የቀን ብርሃን የሚገባው የመስኮቱን የላይኛው ጫፍ ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ነው ይላል። የመስኮትሽ ጫፍ ከወለሉ 2.50 ሜትር ከሆነ 5 ሜትር ገደማ ያህል ማለት ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ጠረጴዛ አስቀምጪ፤ ፋይል መደርደሪያ፣ ፕሪንተርና መጋዘን ብጤውን ወደ ጨለማው ውሰጂ። ኮምፒውተሩ መስኮቱን ፊት ለፊት እንዳያይ፣ ጀርባም እንዳይሰጠው ወደ ጎን አዙሪው። መብራት ሲጠፋም በቀን ብርሃኑ ጀነሬተር እስኪነሳ የወረቀት ሥራ አይቆምም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ለስላሳ ስለሆነ መስኮት ከፍቶ መሥራት ይቻላል። በሁለት ተቃራኒ ወገን መስኮት ያለው አዳራሽ አየሩ ከዳር ዳር ያልፍበታል። እንግዲህ «ብርድ ይመታኛል» ብሎ መስኮት የሚዘጋ ሰው በየቢሮው አለ። ተግሣጽ አይበጅም፤ ያን ሰው ነፋሱ ከሚያልፍበት መስመር አንሺውና መስኮቱ ይከፈት። ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ሲተነፍስ ሳል የያዘው አንዱ ሁሉንም ያዳርሳል፤ የ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ይህን በደንብ አስተምሮናል። ያመመው ሰው ቤቱ እንዲያርፍ ፈቃድ መስጠትም የክፍት ቢሮ ሥርዓት አካል ነው።

5. አለቃ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ

ይህን ምክር ካላከበርሽ ሌላውን ሁሉ ብትተዪው ይሻላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ ቢፒአር ያልነው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ሲመጣ በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ፈርሶ ባለሙያው በአንድ አዳራሽ ተቀመጠ። ባለጉዳይ ከቢሮ ቁጥር ወደ ቢሮ ቁጥር መንከራተቱ በቀነሰበት ቦታ ሰዉ መርቋል። ኃላፊው በቆዳ ከተለበጠ በሩ ጀርባ እንደተዘጋ በቀረበት ቦታ ግን አዳራሹ የበታቾች ማቆያ ሆነ፤ ውሳኔውም እንደድሮው በር ላይ ሲጠብቅ ዋለ።

በሌላ አገር የሠመረላቸው ሰዎች የጀመሩት አለቃውን አዳራሹ ውስጥ በማስቀመጥ ነው። አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1906 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ለላርኪን ሳሙና ድርጅት በሠራው ሕንፃ የድርጅቱ ኃላፊዎች ጠረጴዛ የነበረው ከጣሪያ ብርሃን በሚወርድበት በመካከለኛው አዳራሽ ወለል ላይ ነው፤ ከየፎቁ ሁሉም ያያቸዋል። የኢንቴል መሪ የነበሩት አንዲ ግሮቭ እንደማንኛውም ሠራተኛ በአጭር ከለላ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ማይክል ብሉምበርግ በ2002 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ከንቲባ ሲሆኑ ጠረጴዛቸውን ከረዳቶቻቸው መካከል አደረጉ። በጃፓን ቢሮዎች ደግሞ የአንድ ክፍል ሠራተኞች ጠረጴዛቸውን ገጥመው ይቀመጡና የክፍሉ ኃላፊ በጫፉ ላይ ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ ይውላል። ካይዘን የተባለውን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ከጃፓን ተቀብለን አምስቱን ማዎች (ማጣራት፣ ማስቀመጥ እያሉ የሚቀጥሉትን) በየግድግዳችን የለጠፍን ሰዎች ይህንንም ብንወስድ መልካም ነው።

አንቺ አዳራሹ ውስጥ ስትቀመጪ ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው በጸሐፊ በኩል ቀጠሮ አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ መጥፎ ዜና ሳይቀባባ ይደርስሻል። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው ውሳኔ እንዴት እንደምትወስኚ ስለሚያይ አንቺ በሌለሽበት ቀን የአንቺን ያህል መወሰን ይለምዳል።

6. አዲስ ሠራተኛን በጆሮው አስተምሪው

ስለ ክፍት ቢሮ ሲነሳ ይህ ጥቅም ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እኔ ግን ከኪራይ ቁጠባው አብልጬ እወደዋለሁ። ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ዝግ ክፍል ውስጥ ብታስቀምጪያት የምትማረው የነገርሻትን ብቻ ነው። ልምድ ካለው ሠራተኛ ጎን ስታስቀምጪያት ግን ያልነገርሻትን ትሰማለች። የተቆጣ ደንበኛ ሲደውል ባልደረባዋ ድምፁን እንዴት ዝቅ እንደሚያደርግ፣ ሰውዬው እስኪጨርስ እንዴት እንደሚታገሥ፣ ከዚያ «ጌታዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ የት ላይ እንደሚጀምር ትሰማለች። አቅራቢ ዋጋ ሲያንር መቼ ዝም እንደሚባልና መቼ «እንግዲያው ይቅርብን» እንደሚባል ታያለች። ይህን የትኛውም የሥራ መመሪያ ላይ ጽፈሽ አትጨርሺውም። ስለዚህ አዲሶቹን አንድ ጥግ አትሰብስቢያቸው፤ በነባሮቹ መካከል በትኚያቸው።

7. ለድምፅ አስቀድመሽ በጀት ያዢ

ክፍት ቢሮን የሚያስጠላው ድምፅ ነው። ሰውን ከሥራው የሚነጥለው ደግሞ ከትልቅ ጩኸት ይልቅ ቃሉ ተለይቶ የሚሰማ የሌላ ሰው ወሬ ነው፤ ጆሮ ሳይፈልግ ይከተለዋል። የእኛ ሕንፃዎች ወለላቸው ሴራሚክ፣ ፊታቸው መስታወት፣ ግድግዳቸው ልሙጥ ስለሆነ ድምፁ ከዳር ዳር ይመላለሳል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ፣ በቡድኖች መካከል በፋይልና በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ አድርጊ። ፕሪንተሩንና የቡናውን ቦታ ከጸጥታ ፈላጊዎቹ አርቂ። የስልክ ጥሪ በንዝረት ይሁን፤ በድምፅ ማጉያ መነጋገር በአዳራሹ ውስጥ ክልክል ይሁን። ይህን ሥርዓት ሠራተኞቹ ራሳቸው ተሰብስበው ያውጡት፤ ራሳቸው ያወጡትን ያከብሩታል።

8. በሩ የሚዘጋ ክፍልም ይኑርሽ

ክፍት ቢሮ ማለት ዝግ ክፍል የሌለው ቢሮ ማለት አይደለም። ሁሉን ነገር አውጥተሽ አደባባይ ካሰጣሽው ሰው መሸሸግ ይጀምራል። የሐርቫርዶቹ ኢታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መሠረት ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች ግድግዳ አፍርሰው ወደ ክፍት አዳራሽ ሲገቡ የሠራተኞቹ የፊት ለፊት ንግግር 70 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ የኢሜይል ልውውጡ ጨመረ። ሁሉ የሚያየው ሰው የጆሮ ማዳመጫ ያጠልቅና ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ይተክላል። ይህ ጥናት ግድግዳውን መልሰሽ እንድትገነቢ አያስገድድሽም፤ አዳራሹን ብቻውን እንዳትተዪው ግን ያስጠነቅቅሻል።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ የስብሰባ ክፍልና ለአንድ ለሁለት ሰው የሚሆኑ ትንንሽ የስልክና የጽሞና ክፍሎች አዘጋጂ። እነዚህ ክፍሎች የማንም ሹም ርስት አይሁኑ፤ የፈለጋቸው ሁሉ ተራ ይዞ ይግባባቸው። ደመወዝ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ የሚያዘው የሰው ኃይል ሠራተኛ ቁልፍ ያለው ክፍል ይኑረው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሠራተኛና የደንበኛ መረጃ ለአላፊ አግዳሚ እንዳይታይ የመጠበቅ ግዴታ አለብሽ። ገንዘብ የሚቆጠርበት ቦታም እንደዚሁ ይከለል። ሰውን የምትገሥጪው ደግሞ ምንጊዜም በዝግ ክፍል ይሁን፤ በአዳራሽ የተነገረ ተግሣጽ ውርደት ነው፣ ያልተገሠጸውንም ያሸማቅቃል።

9. ማፍረሱን ለሚያውቅ ስጪ

አብዛኛው የከተማችን ፎቅ በኮለንና በቢም ቆሞ በብሎኬት የተሞላ ነው፤ የብሎኬቱ ክፍልፋይ ቢነሳ ፎቁ አይወርድም። ነገር ግን በሊፍቱና በደረጃው ዙሪያ ያለው የአርማታ ግድግዳ ሕንፃውን የያዘ ነው፤ አይነካም። በድሮ የድንጋይ ቤቶች ደግሞ ጣሪያውን የተሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። በዓይን አይተሽ አትወስኚ፤ የስትራክቸር መሐንዲስ ይየው፣ አከራዩ በጽሑፍ ይፍቀድ፣ የክፍለ ከተማው ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነም ይውጣ። ጠረጴዛ ስትደረድሪ የአደጋ ጊዜ መውጫውን አትዝጊ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሠራተኛ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ መጸዳጃው ያለ ረዳት መድረስ ይቻለው።

10. ለጥበቃ አትጠቀሚበት

ከአዳራሹ ጫፍ ቆመው ማን አቀርቅሮ ማን ቀና ብሎ እንደሚውል የሚቆጥሩ አለቆች አይቻለሁ። በእነሱ ቤት ሠራተኛው ሥራ መሥራትን ትቶ ሥራ የሚሠራ መምሰልን ይለምዳል። አንቺ ውጤቱን ጠይቂ፤ ሰነዱ በሰዓቱ ደረሰ ወይ፣ ደንበኛው መልስ አገኘ ወይ፣ ስሕተቱ ቀነሰ ወይ በዪ። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ ካየሽ ወሬ ነው ብለሽ አትቸኩዪ፤ ግድግዳውን ያፈረስሽው እነሱ እንዲነጋገሩልሽ ነው።

11. ከሦስት ወር በኋላ መልሰሽ መርምሪው

ከመግባትሽ በፊት ጥቂት ነገር ለክተሽ ጻፊ። አንድ ትእዛዝ ከገባበት እስኪወጣ ስንት ቀን ይወስዳል? በሳምንት ስንት ስብሰባ አለ? ስንት ደንበኛ ቅሬታ አቀረበ? ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ለኪ። ሠራተኞቹንም አንድ በአንድ፣ በዝግ ክፍል ጠይቂ፤ በአዳራሽ ከጠየቅሻቸው ሁሉም «ጥሩ ነው» ይሉሻል። መሥራት ያልቻለ ካለ ጠረጴዛውን አዛውሪ፣ ከለላ ጨምሪ፣ የጸጥታ ሰዓት መድቢ። ሰነዱ ፈጥኖ እየሄደ ሰዉ ግን ደክሞት ከሆነ ያልተስተካከለ ነገር አለ፤ ትርፉ ብዙ ዘመን አይዘልቅም። ሁለቱም ሲስተካከሉ ያወጣሽው ገንዘብ ተመለሰ በዪ።

ልጄ፣ ሥራሽን ይባርክልሽ። የምትከፍቺው አዳራሽ እውነት ሳይፈራ የሚነገርበት፣ ታናሽ ከታላቅ የሚማርበት፣ እንጀራ የፈለገ ሁሉ በክብር የሚሠራበት ይሁን።